ቁጠሩልኝ

ሲስተር ርብቃ ኦክስጅኑን ከሟቹ አፍንጫ ነቅላ አጠገቡ ላለው በሽተኛ ስታደርግ፣ የሟቹ ወንድም መምሬ ምሕረትአብ ከበሩ ላይ ቆመው፣ "ልጄ፣ ወንድሜን ከኮሮና ሟቾች ቁጠሩልኝ" አሏት። ሌላው ቤተሰብ ሁሉ አትቁጠሩብን እያለ ነበር የሚለምናት።

"መምሬ፣ የምርመራው ውጤት ሳይመጣ አይቆጠርም። ከቀብሩ በፊት ደግሞ አይደርስም።"

"አገራችን ገሳይ ላይ ሰዉ ሬሳውን አቅፎ ሊያለቅስ እየጠበቀ ነው። ተዉ ብላቸው፣ ሐኪም ያላለውን ከየት አመጡት አሉኝ።"

ርብቃ ወደ በሩ ዞር አለች። ሌላ በሽተኛ በቃሬዛ እየገባ ነበር፤ ባዶ አልጋ ግን አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት የገሳይ ሰው እዚሁ በር ላይ ተደርድሮ ታያት።

"ይደውሉላቸው" አለች።

መምሬ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዙላት። የእድሩ ዳኛ ከወዲያ ማዶ፣ "እውነት በኮሮና ነው የሞተው?" ሲል ጠየቃት።

"አዎ። ማንም እንዳይነካው። በየቤታችሁ ሆናችሁ አልቅሱለት።"

መምሬ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። የለመኑት ሆኖላቸዋል። ወንድማቸውን ብቻቸውን እንደሚቀብሩት የገባቸው ግን ገና ያን ጊዜ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፈው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።