የሚያበስለው ሰው ይምጣ

«ጨው የምትጨምሪው በእጅሽ ነው በማንኪያ?» አለቻት የጤና ጣቢያው አማካሪ።

ምራቲቱ ይህን ጥያቄ ስትፈራ ነው ያደረችው።

«በሻይ ማንኪያ፣ ያውም ሳልሞላው። ልጆቹ እንኳ የሆስፒታል ምግብ እያሉ ያሾፉብኛል፣ ሲስተር።»

የባሏ አባት አጠገቧ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ዕድሜያቸውን ማተሚያ ቤት የፈጁ ሰው ናቸው። የደም ግፊታቸው በሦስት መድኃኒት አልወርድ ብሎ ኩላሊታቸውን መንካት ጀምሯል፤ ሐኪሙ አራተኛ ሊጨምር ነው። ጤና ጣቢያው ግን አዲስ አሠራር አምጥቷል። መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት በሽተኛው ከሚያበስልለት ሰው ጋር ምክር ክፍል ይገባል። ወረፋ ጠባቂዎቹ አማካሪዋን በሌለችበት «እትዬ አይበላም» ይሏታል።

ምራቲቱ «የሚያበስለው ሰው ይምጣ» ሲባል፣ ለክስ የተጠራች ነው የመሰላት። የባሏ እህቶች «አባታችንን በጨው ልትጨርስልን ነው» ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። ዛሬ ሲስተሯም ይህንኑ ከደገመች፣ በዚያ ቤት ቀና ብላ አትሄድም።

አማካሪዋ ወደ አዛውንቱ ዞረች። «አባቴ፣ ምግቡ ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ?»

«ምን እጨምራለሁ?»

«ግፊቱ እኮ ከሰማይ ዱብ አይልም፣ አባቴ።»

ባርኔጣቸውን አንዴ አዞሩት። «ትንሽ ጨው አለች» አሉ። «መሳቢያዬ ውስጥ።»

ምራቲቱ መጀመሪያ ቅልል አላት፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። «አባባ! ስሜ እንዲያ ሲጠፋ እርስዎ ዝም ብለው ያያሉ?»

«አጥፍቻለሁ ልጄ። እጅሽ ከፍቶ እንዳይመስልሽ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የበላሁት ሁሉ አልጥም አለኝ። ጨውም ብጨምርበት ያው ነው።»

አሁን ሲስተሯ ትቆጣቸዋለች ብላ ምራቲቱ ጠበቀች። አማካሪዋ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» አለች።

«ብቻዬን።»

«አክብረናቸው ነው እኮ!» ምራቲቱ ፈጥና ገባች። «ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ እሳቸው ደግሞ ሐዘን ላይ ናቸው። ከሁላችንም በፊት፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ክፍላቸው ድረስ ነው የማቀርብላቸው።»

«አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም» አሉ አዛውንቱ። «ራቴን ታስቀምጥና እንዳልረበሽ በሩን ቀስ ብላ ዘግታልኝ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ማዶ ሲሳሳቁ እሰማለሁ።»

ሊወቅሷት ብለው አልነበረም፤ እያመሰገኗት ነበር። እሷን ያሳፈራትም ይኸው ነው። በሩን ያለ ድምፅ መዝጋት በመቻሏ ስንት ቀን በልቧ ኮርታለች። እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

አማካሪዋ ለቅሶውን እንዳላየች ሆነች። «አራተኛውን መድኃኒት ለጊዜው እንዲያቆየው ሐኪሙን አነጋግረዋለሁ። ሦስቱን ግን እንዳያቋርጡ፣ የመሳቢያውን ጨውም ለምራትዎ ያስረክቡ። ራትዎን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከቤተሰቡ ጋር ነው የሚበሉት። በሚቀጥለው ወር እንለካና እናያለን።»

«ይሄም ሕክምና ሆኖ ነው?»

«ነው እንጂ፣ አባቴ። ያውም በየቀኑ የሚወሰድ።»

ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። ምራቲቱ ክንዳቸውን ደገፍ አድርጋ በሰዉ መሐል አሳለፈቻቸው። «እንግዲህ ልጆቹ ጆሮ ያደነቁራሉ አባባ፣ ቀድሜ ነግሬዎታለሁ።»

«ያ ሁሉ የማተሚያ ቤት ማሽን ያላደነቆረኝን፣ እነሱ ሊያደነቁሩኝ?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ከሰማች ቆይታ ነበር።

የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ሰው ቤት በእንግድነት እንደሚሄድ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ታዲያ የት ነው የምቀመጠው?» አሏት።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጠረጴዛውን በሐሳቧ ዞረችው፦ ባሏ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እሷ። አምስተኛውን ወንበር፣ ለብቻቸው ሲበሉ እንዲመቻቸው ብላ፣ ራሷ ተሸክማ ክፍላቸው አስገብታዋለች።