ጭንቅ የማይበግረው ባክቴሪያ

መርዶው የደረሳት በስልክ ነው። የደወለው የባሏ አለቃ፣ የምግብ ደህንነት ምርምር ክፍሉ ዳይሬክተር ነበር። ተቀመጪ አላት፤ ተቀመጠች። ከዚያ የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ቁልፍ ቤት ቀርቶ እንደሆነ ጠየቃት።

«ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው። ለምን እሱኑ አይጠይቁትም?» አለች።

«እሱማ አሁን አረፈ። ልቡ ነው አሉ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ኪሱን ብናይ ቅር ይልሻል?»

ለቅሶው ላይ ባልደረቦቹ ስለ ሟቹ ደግ ደጉን አወሩ። ዕድሜውን የጨረሰው ምግብ የሚመርዙ ባክቴሪያዎችን ሲያስጨንቅ ነው። ጨው ይነሰንስባቸዋል፣ አሲድ ያፈስባቸዋል፣ በብርድ ያንዘፈዝፋቸዋል፤ ከዚያ የተረፉት እንዴት እንደተረፉ ይመረምራል።

«ሰው ሲጨንቀው ፊቱ ይናገራል» ይላት ነበር እራት ላይ። «ባክቴሪያ ፊት የለውማ! ጭንቁን የሚናገርበት የሚሰራው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑን ካየሽ ምን እንዳሳለፈ ታውቂያለሽ።»

«የኔን ጭንቅስ በምን ታውቃለህ?»

«አንቺማ ሲጨንቅሽ ጨው ታበዣለሽ።»

የላብራቶሪዋ ቴክኒሻን ካፖርቱን፣ መነጽሩንና ዣንጥላውን በፌስታል አምጥታ አስረከበቻት።

«ምሳ እቃውስ?» አለች የሟቹ እህት፣ እንባዋን እየጠረገች። ለእቃ ሟች ናት።

«እሱንም ማንኪያው ወስዶት ይሆናላ!» አለች ቴክኒሻኗ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ማንኪያው የሚሉት ዳይሬክተሩን ነው። ከነጭ ካፖርቱ ኪስ ማንኪያ ተለይቶት አያውቅም፤ የሰራተኛው ምሳ ከማቀዝቀዣ ሲጠፋ ደግሞ የሚጣራ ጉዳይ የለም። «ሁላችንንም አስርቦናል። ምሳው ተነክቶበት የማያውቅ የርስዎ ባለቤት ብቻ ነበር፣ እትዬ። በምን ዘዴ እንደሆነ እንጃ።»

ለቀስተኛው እየሳቀ አፉን ሸፈነ።

ከወራት በኋላ የሟቹ እህት ጋዜጣ እያውለበለበች በሩን በርግዳ ገባች።

«አየሽው? ይሄን ሌባ አየሽው?»

ጋዜጣው ላይ ዳይሬክተሩ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ጭንቅ የማይበግረው አዲስ ባክቴሪያ አግኝቷል ይላል። ባክቴሪያው የተገኘው ከማቀዝቀዣው ጥግ፣ የእጅ ጽሑፍ ባለበት የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ጨው አልገደለውም፣ አሲድ አልገደለውም፣ ብርድ አልገደለውም። ሳይንቲስቶቹን ያስደነቀው ግን ፕሮቲኑ ነው፦ በጭንቅ ጊዜ ራሱን ለመከላከል የእጽዋትን የሚመስል ፕሮቲን ያመርታል። እንዲህ ያለ ባክቴሪያ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። ሽልማት ተዘጋጅቷል። የሟቹ ስም በጋዜጣው የለም።

«ጥጉ የማን ነበር? የወንድሜ! ጠርሙሱን ያሸገው ማን ነው? ወንድሜ! በቁሙ ደሙን መጠጠው፣ አሁን ደግሞ ሞቶም ይዝረፈው? አንቺ ዝም ብትዪ እኔ ዝም አልልም!»

እሷም ዝም ማለት አልፈለገችም። ልጅ አልወለዱም፤ ከእሱ የሚቀር ነገር ቢኖር ስሙ ነው። ያ ስም ከስራው ላይ ከተፋቀ፣ ሰውየው በዚህ ምድር ላይ እንዳልነበረ ሊቆጠር ነው። ጥቁር ልብሷን ለበሰችና ሄደች። የባሏን እህት በር ላይ አቁማ ብቻዋን ገባች።

ዳይሬክተሩ ብድግ ብሎ ተቀበላት። ግድግዳው ስር፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ መብራት የበራበት ነገር ቆሟል።

«የባለቤቴ ስም ከርስዎ ስም በፊት እንዲገባ ነው የመጣሁት» አለችው ሳትቀመጥ።

«እህቴ፣ ሳይንስ እኮ የውርስ ቤት አይደለም። በግርጌ እናመሰግነዋለን።»

«በግርጌ? ያሸገው እሱ፣ የጻፈበት እሱ! እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት እንገናኛለን። የእጁን ጽሑፍ እዚያ እለየዋለሁ።»

«እዚያ ድረስ ምን አስኬደሽ? ይኸው፣ ለዪው» አለና ወደ መስታወቱ ሳጥን አመለከታት።

ጎንበስ አለች። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ነው። በቀይ እስክሪብቶ የራስ ቅል ተስሎበት፣ ከስሩ በባሏ ጥንቁቅ እጅ «አደገኛ ባክቴሪያ። እንዳትነኩ» ይላል። ክዳኑን አየች። ጽሑፉን አየች። ተመልሳ ክዳኑን አየች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አደረገችው።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ራሴ! ከስብሰባ ስመለስ፣ በጓንት፣ በጭንብል።»

«አልቀመሱትም?»

«ምን ነካሽ፣ እህቴ!» ብሎ ሳቀ። «ዛሬ እዚህ ቆሜ ታገኚኝ ነበር?»

ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች።

«ስሙ ይቅር» አለች በመጨረሻ። «ከግርጌውም ያውጡት። ግኝቱ የርስዎ ነው፣ የርስዎ ብቻ። አደራዎን፣ የባሌ ስም በዚህ ነገር ላይ በምንም መልኩ እንዳይነሳ።»

ዳይሬክተሩ ይህን ያህል ትልቅ ልብ አይቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እስከ በሩ ድረስ በክብር ሸኛት።

ውጭ የባሏ እህት ተንደርድራ መጣች። «ምን አለሽ? አስፈራራሽ አይደል? ፊትሽ ምን ሆኗል?»

ግድግዳውን ተደግፋ፣ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። የባሏ እህትም ያ ክፉ ሰው አሳብዷታል ብላ ደመደመች፤ እስከ ዛሬ ሰላምታ አትሰጠውም። ሽልማቱ በዚያው ሳምንት በታላቅ ጭብጨባ ተሰጠ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ለሟቹ ነፍስ ይማር በሉለት፤ በሞተበት ቀን ጠዋት ሚስቱ ሎሚ ጨምቃ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ የቋጠረችለትን የምስር ሾርባ ሳይቀምስ ነው የሄደው።