ሃያ አራተኛዋ ሚስማር

የመጨረሻዋን ሚስማር መትቼ ወንፊቱን አልጋዋ ላይ በተቀመጠችው ባለቤቴ ጭን ላይ አስቀምጣለሁ። ወንፊት ማለቴ ክቡን እንጨት ነው፤ መረቡን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ዙሪያውን ትንንሽ ሚስማር ደርድሬ፣ ድሩን ከዳር እስከ ዳር ወጥሬ፣ እንደ ነገሩ የእጅ ሽመና እቃ አድርጌዋለሁ።

ሐሳቡ የራሷ ነው። ትናንት አልጋዋ ላይ እንዳለች ፊቷን ከግድግዳው መልሳ፣ «አንድ ነገር ትሠራልኛለህ?» ስትለኝ የምሆነው ጠፋኝ። ትሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጇን ከወሰደባት ሰባት ወሯ ነው። በሰባት ወር ውስጥ የጠየቀችኝ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

አራት ማዕዘን ላድርገው ብላት አልተስማማችም። «ዳር በደረስኩ ቁጥር ክሩን መመለስ አለብኝ፤ በአንድ እጅ ያስቸግረኛል። ክብ ከሆነ ወደ ፊት ብቻ ነው የምሄደው።» ወደ ፊት ስትል ሰምቼ ዐይኔ እንባ አቀረረ። ባለፈው ወር የወጥ ቤቱን ቢላ ደረቷ ላይ ይዛ ካገኘኋት ወዲህ ብቻዋን ትቻት አላውቅም። ሥራ ስሄድ እህቴ አጠገቧ ትቀመጣለች።

ወንፊቱን በጉልበቶቿ ቆንጥጣ፣ ከእንጨት የቀረጽኩላትን ደነዝ መርፌ በግራ እጇ አንዱን ክር ከላይ፣ አንዱን ከታች ታሾልካለች። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ብቅ ብሏል፤ ፋብሪካም ሳለች ሥራ ሲጥማት እንዲህ ነበረች። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ትቆማለች።

«ይኸውልህ፣ ከላይ የሄድኩበትን ደግሜ ከላይ ነው የምሄደው። አይያያዝም።» በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርገው ማጉ ይንሸራተታል። «ስንት ሚስማር ነው የመታኸው?»

«ሃያ አራት።»

«ሃያ ሦስት አላልኩህም? ጎዶሎ ይሁን አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«ታዲያ?»

ቆጠራ ተሳሳትኩ ብል ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሠራ አናጢ ሃያ ሦስት መቁጠር አቃተው ብላ ትስቅብኝ ነበር። ምላሴ ቀደመኝ።

«ላንቺ ጎዶሎ ነገር ልሥራ ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

ቀና ብላ ታየኛለች። ከዚያ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘውን የቀኝ እጅጌዋን ታያለች። ያልኩት የገባኝ ያኔ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለካ አንተም እንደ ጎዶሎ ትቆጥረኛለህ» ትላለች ቀስ ብላ።

«እንደሱ ማለቴ እኮ...»

«ተወው በቃ። አንዷን ንቀልና እንደ አዲስ እንወጥረዋለን። መቀስ አምጣልኝ፣ ይሄን ልቁረጠው።»

«እኔ እቆርጥልሻለሁ።»

«እኔ ነኝ የምቆርጠው።»

እቤት ውስጥ ያለ ስለት በሙሉ የመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ኪሴ ነው። እንደምታውቅ አውቃለሁ፣ ግን አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። እምቢ ብላት ወደ ግድግዳው ትዞራለች፣ ዳግመኛም አትመለስም። ብሰጣት ደግሞ፣ እንጃ። ቁልፉን አውጥቼ ሳጥኑን እከፍታለሁ።

መቀሱን በእጀታው በኩል አቀብላታለሁ። ይዛዋለች፤ እኔም አልለቀቅኩም።

«ልቀቀው እንጂ።»

እለቀዋለሁ። የተወጠረውን ክር አንድ በአንድ ትቆርጣለች። ግራ እጇ መቀስ አልለመደም፣ ሁለቴ ሦስቴ ያመልጣታል። አላግዛትም። ስትጨርስ ባዶውን ክብ ወደ እኔ ትገፋዋለች፤ መቀሱን ግን በግድግዳው በኩል፣ ትራሷ ሥር ታስገባዋለች።

መልሺልኝ ማለት አቃተኝ። ጉጠቴን አንሥቼ አጎነብሳለሁ። ዐይኔ ወደ ትራሷ እየሄደ ሚስማሯን ስቼ እንጨቱን እቧጥጣለሁ፣ እንደገና እስታለሁ።

«ሚስማሩን እያየህ ንቀል» ትለኛለች።