ሙሽራዋ የምትቆምበት ቦታ

ካልቱን ወደ ሣህሉ ፎቶግራፍ ቤት የገባችው በ1952 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ፣ የድሬዳዋ ከዚራ ሱቆች ለቀትሩ ሙቀት ሊዘጉ ሲሉ ነበር። ቀይ የሐር ድሪያ ቀሚስ ለብሳለች፤ የእጇ ሂና ገና አዲስ ነው። ዕድሜዋ ከአርባ አያልፍም።

«ለሠርግ ፎቶ ነው የመጣሁት» አለች። «ለልጄ ሠርግ።»

ሣህሉ ስልሳ ዓመቱን ያገባደደ፣ ግማሽ ዕድሜውን ሙሽሮችን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ደብተሩን ገልጦ ስሟን መዘገበ።

«እንኳን ደስ አለሽ። ቀኑ መቼ ነው?»

«ቀኑ ገና አልተቆረጠም። እኔን ግን ዛሬ አንሳኝ።»

«አንቺን ብቻ?»

«እኔን ብቻ። ሙሽራዋ የምትቆምበትን ቦታ ትተውልኛለህ። ጅቡቲ ያለውን የጎረቤታችንን ወንድም ከቤተሰቡ ጋር አብሮ የተነሳ አስመስለህ ሠርተሃል አሉ። የእኔንም እንደዚያ አድርግልኝ።»

እውነት ነው። ሣህሉ ሁለት ፎቶ ቆርጦ ያጣብቃል፤ መጋጠሚያውን በቀለም ይደብቅና እንደገና ያነሳዋል። በድሬዳዋ ይህን የሚያውቅበት እሱ ብቻ ነው።

«ምን አስቸኮለሽ ታዲያ?»

«ትናንት ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት፤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ። ፊቴ ከዚህ በላይ ሳይከሳ አንሳኝ።»

ሣህሉ ፈገግ አለ። ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ስለ ፊቱ አንድ ነገር ሳይል አይቀመጥም።

ካልቱን አስባበት ነው የመጣችው። ሦስት ፎቶ ትፈልጋለች። በመጀመሪያው፣ ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ እናት እጇን ዘርግታ ትመርቃታለች። በሁለተኛው እናት መሃል ትቀመጣለች፤ ሙሽራዋ በቀኝ፣ ሙሽራው በግራ። ሦስተኛውን ስትነግረው ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ የልጇን ግንባር ስትስም ነው።

«በሠርጉ ቀን መጥቼ ሁላችሁንም ባነሳ አይሻልም?»

«በዚያን ቀን እኔ የለሁም።»

ሣህሉ እርሳሱን አስቀመጠ። ይህን ነገር ያውቀዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ልጁ ወርቅዬ፣ ጉሌድ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ወዳ ጅቡቲ ሄደች። አባዬ ሠርጌ ነው ና፣ ብላ ጻፈችለት። ሃይማኖቱ ከሃይማኖታችን አይገጥምም ብሎ ቀረ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ፎቶ ላከችለት፤ ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያዩ እሷ ብቻ ወደ በሩ ታያለች። ከዚያ ወዲያ አልጻፈችም።

የዚችም ልጅ እንደዚያው ሆና ይሆናል አለ በልቡ።

«ሙሽራው ማነው?»

«አላውቀውም።»

«የማን ወገን ነው?»

«የማንም ይሁን» አለች ወለሉን እያየች። «ብቻ የማይመታት ይሁን።»

ሣህሉ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ሥዕል የተሳለበትን መጋረጃ አወረደ፣ ወንበሩን አስተካከለ። ድሪያው ሰፍቷት ስለነበር ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ሰበሰበው። ሁለቱን ፎቶ አነሳ። በቀኟ የተተወውን ቦታ እያየች ሳቅ ልትል ትሞክር ነበር።

«ኔጋቲቩን ታስቀምጥልኛለህ?»

«እስክትፈልጊው ድረስ።»

«ብዙ ዓመት ቢሆንስ?»

«ብዙ ዓመት ቢሆንም። አሁን ሦስተኛው ነው። የልጅቷን ቁመት አሳዪኝ።»

ካልቱን እጇን እስከ ትከሻዋ አነሳች። ከዚያ እስከ አናቷ። እዚያ ትንሽ ቆየችና አወረደችው።

«ከእኔ ትበልጣለች ብለህ ያዝ።»

የልጇን ቁመት እስክትረሳ ድረስ አልተያዩም ማለት ነው። ሣህሉ ይህን እያሰበ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ከካሜራው ኋላ ቆመ። ካልቱን በእግሯ ጣቶች ተንጠራራች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ባዶውን አየር ሳመች። ሣህሉ በካሜራው መስታወት ላይ ተዘቅዝቃ አያት፤ ማንሳቱንም ረስቶ ቆየ።

ካነሳት በኋላ መታገሥ አልቻለም።

«ካልቱን፣ እህቴ፣ ሂጂ። እኔ የልጄ ሠርግ ላይ ቀርቻለሁ። ያን ጊዜ ምን ብዬ እንደተቆጣሁ እንኳ ዛሬ በደንብ ትዝ አይለኝም። ልጄን ግን አጣኋት። በፎቶ አትታለይ፤ ሂጂና ሳሚያት።»

የካልቱን እንባ በጉንጮቿ ወረደ።

«ወላሂ፣ ጋሼ ሣህሉ፣ ብችል በእግሬ እሄድ ነበር።»

«ማነው የከለከለሽ?»

እንባዋን ጠረገች። ከደጅ የሰው ኮቴ ይሰማል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሣህሉ ጆሮውን ሰጠ።

«ማነው እሱ?»

«ሲያድ ነው፤ ባሌ። እስክጨርስ እየጠበቀኝ ነው።»

ሣህሉ ሁሉም ነገር ገባው። እምቢ ያለው አባትየው ነው። እሱ ራሱም በልጁ ሠርግ ጊዜ ልክ እንዲሁ ወዲያ ወዲህ እያለ ወለሉን ሲረግጥ ነበር የከረመው።

«ጋሼ ሣህሉ፣ ተው!» አለች ካልቱን። እሱ ግን በሩን በርግዶ ወጥቷል።

ሲያድ የባቡር ሠራተኛ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል።

«አንተ ሰው!» ጮኸ ሣህሉ። «ልብ የለህም? እናትን ከልጇ ሠርግ ታስቀራለህ? እኔን እየኝ! ነገ እንደኔ ደጅ ደጁን እያየህ ትቀራለህ! የገዛ ልጅህ አይደለችም ወይ?»



ሲያድ ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ ደም መስሏል። አልተቆጣም።

«እባክህ ጋሼ፣ ቀስ በል» አለው በሹክሹክታ። «ሙሽራዋ ገና አሁን መተኛቷ ነው።»

ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ደረቱ ላይ ተለጥፋ፣ አውራ ጣቷን ጎርሳ ተኝታለች።