መብራት ሳይመጣ

ባለቤቴ ሐዳሳ ኮምፒውተሯን «አንተ» ነው የምትለው። እኛ ሰፈር፣ አዲስ ከተማ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ልጆቹ በሙሉ «መጣ» ብለው ይጮኻሉ። እሷ ግን ስክሪኑ እስኪበራ ጠብቃ፣ ቀስ ብላ «መጣህ?» ትለዋለች። እኔ ከሥራ ስገባ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ኮምፒውተሩ ትንሽ፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ሳንጋባ በፊት የሞተው እጮኛዋ፣ የክብሩ ነበር። በሞተ ሰው መቅናት ስለሚያሳፍር ዝም ብዬ ኖርኩ። በቅርቡ የሰርግ ቪዲዮ ስታቀናብር ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገራት።

«አዲስ እንግዛ» አልኳት።

«እሱን አልጥልም።»

«እንግዲያው ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከውን ግራፊክስ ካርድ ልቀይርልሽ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ከክብሩ የሆነ ነገር በገዛ እጄ መንቀል አምሮኝ ነበር።

ቅዳሜ ሊመሽ ሲል መብራት ጠፋ። ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ ጠቀለልኩት። ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈትኩ።

«ቀስ በል፣ ያመዋል» አለችኝ ከጓዳ።

«ብረት እኮ ነው» አልኳትና ካርዱን በኃይል ሳብኩት። አቧራውን እፍ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ሐዳሳ እጇን እያደራረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ቀስ እያለ ወጣ። ውጭ ሰፈሩ እንደጨለመ ነው። «መጣ» ብሎ የጮኸ ልጅ የለም።

ፀጉሯን በጣቷ አስተካከለችና በትከሻዬ ላይ አሻግራ እያየች ፈገግ አለች።

«መጣህ?»