የደግፌ በሽታ

ትርንጎ ባሏን በሴት ብትጠረጥረው ይሻላት ነበር። ሴት ቢሆን ተጣልታ ይወጣላት ነበር። እሷ የጠረጠረችው በጥሬ ሥጋ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ደግፌን ይገድለዋል።

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው ሁለቱንም ቤቴል ክሊኒክ ወስዳ ካስመረመረቻቸው ወዲህ ነው። ደም ሰጡ፤ ተጋድመው ቀዝቃዛ ቅባት እየተቀቡ በማሽን ታዩ። ውጤቱን ሊሰማ የሄደው ግን ደግፌ ብቻውን ነበር። ትርንጎ ሐኪም ቤት አትወድም። እህቷ በሽታዋ በተነገራት ዕለት አልጋ ያዘች፤ በዚያው ቀረች። «ወሬው ነው የገደላት» ትላለች እስከ ዛሬ።

ደግፌ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

«የደም ስሬ ደንድኗል አሉኝ» አለ። «ስብ ተጋግሮበት ጠቧል። ቅቤ የለም፣ ጮማ የለም፣ ጨው በልክ። በእግር መሄድ ግድ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ልብ ነው የሚይዘው።»

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ ያላትን ቅቤ በሙሉ ለጎረቤቷ ለአልማዜ ሰጠች። ቅቤ የሌለው ሽሮ የእስረኛ ምግብ ነው የምትል ሴት እኮ ናት! ግን ከአንድ ትሪ እየበሉ ላረጁ ባልና ሚስት ሁለት ድስት የሚባል ነገር የለም። እሱም «ካንቺ ጋር ካልበላሁ አይወርድልኝም» አለ፤ አለቀ። ጎመንና ምስር ሆነ ቤቱ።

ሰው ሲታመም ጠባዩም ይለወጣል መሰለኝ። ድሮ ታክሲ ሲያይ ጥሏት የሚሮጠው ሰውዬ አሁን ማታ ማታ እጇን ይዞ ያንሸራሽራታል። ወደ አየር ጤና የሚያወጣው ዳገት ላይ ባቷን ጭምድድ ሲያደርጋት አጥር ተደግፋ ትቆማለች፤ ትንሽ ስትቆም ይለቃታል። «ይሄ ጫማ!» ትላለች። እሱ ሳይነጫነጭ ይጠብቃታል። ቤት ሲገቡ የራሱን ኪኒን ፈጠን ብሎ ይውጥና ለእሷም ለጉልበቷ ቪታሚን ያቀብላታል። ኧረ እንዲህ ያለውን ባል ለሁሉም ይስጥ!

ሰውየው ግን አልከሳም። እሷ ቀሚሷ ሲሰፋባት የእሱ ቀበቶ ፍንክች አላለም። አንድ ቀን ደግሞ ሱሪውን ልታጥብ ስትፈትሽ ኪሱ ውስጥ ትንንሽ ነጭ የሚንት ከረሜላ አገኘች። ደግፌና ከረሜላ? የአፍ ሽታ ሊያጠፋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

አልማዜ ደግሞ ጨመረችላት።

«ትርንጎዬ፣ ነገር አመላላሽ አትበይኝ እንጂ፣ ቅዳሜ ደግፌን ሥጋ ቤት በር ላይ አይቼዋለሁ።»

«ሰው ሊጠራ ገብቶ ይሆናል።»

«ጥርሱን እየጎረጎረ ነው የወጣው፣ እህቴ።»

ትርንጎ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። ሲያንኮራፋ ትናደዳለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ደንግጣ እጇን ደረቱ ላይ ታደርጋለች። ከሃዲ! እሷ ለእሱ ብላ አፏ ሣር ሣር እስኪላት ጎመን ትበላለች፣ እሱ ተደብቆ ሞቱን ይጎርሳል። ያለ እሱ እንዴት ልትኖር ነው?

ቅዳሜ ደረሰ። ደግፌ «ሁንዴን ጎሚስታ ቤቱ ሄጄ ልጠይቀው» ብሎ ወዳጁን ሰበብ አድርጎ ወጣ። ትርንጎ ነጠላዋን ተከናንባ ተከተለችው። ዳገቱ ላይ ያ ጫማ ደጋግሞ አቆማትና ልታጣው ምንም አልቀራት። አየር ጤና ስትደርስ ግን ጎሚስታ ቤት ሳይሆን ሥጋ ቤት ጥግ ተቀምጦ አገኘችው፤ በአንድ እጁ ቢላ፣ በሌላው ጮማ፣ አዋዜው ከፊቱ።

«ብላ!» አለች ሰው ሁሉ እስኪዞር። «ብላና ሙት! እኔንም ብቻዬን አስቀረኝ!»

ጮማው ከእጁ ወደቀ።

«ትርንጎዬ፣ ረጋ በይ፣ ላስረዳሽ…»

«ለሐኪሟ ታስረዳለህ!»

ይሄኔ ደግፌ ሥጋ ይዞ ከተያዘበት ጊዜ ይበልጥ ደነገጠ። «ሐኪም ጋ ብቻ አንሂድ፤ ሁለተኛ አልቀምስም፣ በእናትሽ!» እያለ ለመናት። ልመናው ይባስ ጥርጣሬዋን አጸናው። በሽታው ብሶበት ነው የሚደብቃት ብላ እጁን ጎትታ ቤቴል የሚል ታክሲ ውስጥ ከተተችው።

ዶክተር ሄቨን፣ ያን ጊዜ የመረመረቻቸው ወጣት ሐኪም፣ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። ትርንጎ ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ልጄ፣ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ያዝኩት! እኔን አልሰማ ብሏል፣ አንቺ ንገሪልኝ!»

ደግፌ ወለሉን ያያል። ሐኪሟ እሱን አየችው፣ ከዚያ ሚስቱን አየች።

«አቶ ደግፌ፣ ስንት ጊዜ ነው ይዘዋቸው ይምጡ ያልኩዎት?» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ተነሳችና ትርንጎን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ተንበርክካ ያን ጫማ አወለቀችላት፤ ጣቶቿን እግሯ ላይ አሳርፋ ትርታውን ፈለገች።

«እንኳን መጡልኝ፣ እማማ። ኪኒኑን በየማታው እየወሰዱ ነው? ባትዎንስ፣ ዳገት ላይ አሁንም ይይዝዎታል?»