ባለ ቀይ ክዳኑ ወተት

ቀረብ በሉ ልጆቼ፣ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ረጅም ወሬ አይደለም፤ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ ወተት የመረጠበት ቀን ነው።

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው። የማቀዝቀዣውን በር በአንድ እጁ ከፍቶ ይዟል። ቅዝቃዜው በእጅጌው ይገባል፣ እሱ ግን ልብ አላለውም። በግራ በኩል ባለ ሰማያዊ ክዳኑ ተደርድሯል፣ ቅባቱ የወጣለት። በቀኝ ደግሞ ባለ ቀይ ክዳኑ፣ ቅባቱ ያልተነካው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጁ ሳያስበው ወደ ግራ ነበር የሚሄደው። የሚስቱ ልብ የታመመ ጊዜ ሐኪሙ ቅባት የሚባል ነገር ከለከላት። እሱም የዚያኑ ዕለት «በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ወተት አይገባም» አለና አብሯት ቀጭኑን መጠጣት ጀመረ። እሷ «ውሃ ውሃ ይላል» እያለች ስትነጫነጭ፣ እሱ ፊቱን ሳያጨማድድ ጭልጥ ያደርገው ነበር።

ዛሬ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ነው አብረው ሱቁ የገቡት። እሷ ልብሷን ስትለብስ ሐኪሙ ልብስ ሰፊውን ኮሪደር ላይ ጠራውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ያማራቸውን ይብሉ። ምንም አይከልክሏቸው» አለው።

ነገሩ ገብቶታል። ሐኪሙ ሳይናገር ሜትሩ ነግሮት ነበር፤ በዚህ ዓመት ብቻ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ በጎንና በጎኑ አጥብቧል። እሷ ግን ምንም አላወቀችም ብሎ ያስባል። ቀዩን ካነሳ ታውቃለች። ሰማያዊውን ከያዘ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ያማራትን ሳትቀምስ… ሐሳቡን ሊጨርሰው አልደፈረም።

«አባባ፣ ማቀዝቀዣዬን ሊያሞቁት ነው እንዴ?» አለች ባለሱቋ ከባንኮኒው ጀርባ። «ያው የተለመደው አይደል? ሰማያዊው እኮ እዚያው አፍንጫዎ ስር ነው!»

ቀዩን አነሳ።

«ውይ! ዛሬስ እማማን ሊገድሏቸው ነው?» ብላ ሳቀች። ልጅቱ ክፋት የላትም፣ ለጨዋታ ነው።

ትንፋሿን ልትሰበስብ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ቀና አለች። መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥላ ፊቱን አየች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ወተት ነዋ።»

«ወተትነቱንማ አየሁት። ያመመኝ ልቤን እንጂ ዓይኔን አይደለም።»

«ሐኪሙ ነው… ትንሽ ሥጋ ታብጅ ብሎ። እንድትጠነክሪ።»

«እስቲ እጅህን አሳየኝ።»

ወደ ኪሱ ሊከተው ሞከረ። ይህ ሰው ሲዋሽ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ የሌለ ክር ያከርራሉ። ለደንበኛ «ነገ ይደርሳል» ሲልም እንደዚሁ ነው። አርባ ዓመት አብራው ከኖረችው ሴት በቀር ይህን ያወቀበት የለም። አሁንም ጣቶቹ ክሩን አልለቀቁም ነበር።

ባለሱቋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ንጹሑን ባንኮኒ እንደገና ትወለውል ጀመር።

«መጋረጃ እኮ ነው፣ አንተ ሰው» አለች ሚስቱ፣ ቀስ ብላ። «እኔ የምለብስበትና እናንተ የቆማችሁበት መካከል ያለው መጋረጃ ነው። ግድግዳ መሰለህ?»

ልብስ ሰፊው ጠርሙሱን እንዳቀፈ ቀረ።

«ሰምተሻል?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝም። የትኛውን እንደምታነሳ ነበር የማይህ። ሰማያዊውን ብታመጣ፣ እኔም እንዳልሰማሁ ልሆንልህ ነበር።»

ይህን ብላ ወደ ባለሱቋ ዞረች።

«የኔ ልጅ፣ ብርጭቆ ይኖርሻል?»

«አንድ ነው ያለኝ፣ እማማ።»

«አንድ ይበቃናል።»

ክዳኑን ከፍቶ ቀዳላት። ዓይኗን ጨፍና ሳትቸኩል ጠጣች። ሲጋመስ ብርጭቆውን ወደ እሱ ዘረጋችው። እሱም ተቀብሎ ተጎነጨ። ወፍራም ነው፣ ምላስ ላይ ይቆያል፤ እንዲህ መሆኑን ረስቶት ኖሯል። አፉ እንደሞላ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆመ።

እሷ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳችና የላይኛው ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገችለት።

«ቀስ በል» አለችው። «ማን ይቀማሃል?»

እነዚህን ሁለት ሰዎች፣ ልጆቼ፣ እንዲህ እንደቆሙ አንዳንዴ አስታውሱልኝ። አደራ።